የጣና ዓሣ በፖቶማክ ዳር

ሰውየው የሌሊት ታክሲውን አቁሞ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው መኖሪያው ሲገባ ስልኩ ላይ ከባሕር ዳር መልእክት ይጠብቀዋል። «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ዛሬም ላስቸግርዎት ነው። ይቺን ጽሑፍ ቢያገኙልኝ።» ከሰላምታው ሥር አንድ የእንግሊዝኛ ርዕስና አንድ ሊንክ አለ።

ጎረቤቶቹም ከአገር ቤት መልእክት ይመጣላቸዋል። ከየፎቁ የቡና ሽታ በሚወጣበት በዚያ ረጅም ሕንፃ የአገር ሰው ብዙ ነው። ለአንዱ የመድኃኒት ስም ይላክለታል፤ ለሌላው የቤት ኪራይ ጭንቀት፤ ለሌላው የለቅሶ ወሬ። ለእሱ የሚላክለት ግን የጥናት ርዕስ ነው። ላኪው የድሮ የሥራ ባልደረባው ልጅ ነው፤ ስለ ዓሣ ተምሮ ጣና ዳር የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ። ክረምት ሳይገባ ለአስጋሪዎች ማኅበር ቀርቦ፣ ዓሣው ዕንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይጣል ማስረዳት ይጠበቅበታል። አስጋሪዎቹ ደግሞ ልጆች የሚያሳድጉት በዚያው መረብ ነውና ዝም ብለው አይሰሙትም። «ማስረጃህን አሳየን» ይሉታል። ማስረጃው ተጽፏል፤ ታትሟልም። እሱ ጋ ግን የለም።

ሊንኩ ሲከፈት ርዕሱ ይታያል፣ የጸሐፊዎቹ ስም ይታያል፣ አጭር ማጠቃለያም ይነበባል። ከዚያ በታች ዋጋ አለ፤ ለአንዲት ጽሑፍ ከሠላሳ ዶላር በላይ። ወጣቱ ከደመወዙ ቆርሶ ልክፈል ቢል እንኳ የአገር ቤት የባንክ ካርዱ ለዚያ ክፍያ አይሠራለትም። ስለዚህ ከጣና ዳር ሆኖ ስለ ጣና ዓሣ የተጻፈውን ለማንበብ አሌክሳንድሪያ ያለን የታክሲ ሹፌር ይለምናል።

ለሰውየው ነገሩን መራራ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጎልማሳ ሳለ ሥራው ዓሣ መለካት ነበር። ማለዳ ጀልባዎቹ ሲገቡ ዳር ላይ ቆሞ ይቀበላል። ርዝመቱን በመለኪያ እንጨት፣ ክብደቱን በሚዛን ይወስዳል፤ ሆዱን ከፍቶ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ዕንቁላሉም ምን ያህል እንደ ደረሰ ያያል። ሁሉንም እጁ ቅርፊት በቅርፊት እንደ ሆነ በእርሳስ ይመዘግባል። ቅጾቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቀበት ቀን ትዝ አይለውም። የትኛው ዓሣው የትኛው ጽሑፍ ውስጥ እንደ ገባ ማወቅ አይችልም፤ ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ የእሱም እጅ እንዳለበት ግን አይጠራጠርም።

ስለ ጣና ዓሦች የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ የሐይቁን ዓሦች ሰብስቦ ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ፍራንክፈርት የሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። በወረራው ዘመን፣ በ1937፣ በጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የጣሊያን ቡድን ሐይቁን አጠና። ከጣና ነጭ ዓሦች አንዱ ዛሬም በሳይንሳዊ ስሙ «ላቤዮባርበስ ዳይኔሊ» ይባላል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጉዞ ተመራማሪዎች መጡ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ከሆላንድ የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች። የጣና ዓሣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎለታል። በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩት በኖሩት በነገደ ወይጦዎችና በሌሎቹ የሐይቁ ዳር ሰዎች ቋንቋ የተጻፈለት ግን ከሁሉም ያነሰ ነው።

የተጻፈው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለ ቆረጠው ከታች ያለ ዓሣ ሽቅብ አይወጣም። በዚያ ተዘግቶ በኖረ ውኃ ውስጥ አንዱ የነጭ ዓሣ ዘር ወደ 15 ያህል ዝርያዎች ተከፋፈለ። አንዱ አፉ ሰፍቶ ዓሣ አዳኝ ሆነ፣ አንዱ ከሥር ጭቃ ይለቅማል፣ አንዱ ከውኃው ገጽ ላይ ይመገባል። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅም ተመሳሳይ የዓሦች ቤተሰብ ነበረ፤ በሰው እጅ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የጣናው የቀረው ብቸኛው ነው።

ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ከዝርያዎቹ ገሚስ ያህሉ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ነው የሚራቡት። ከመውጣታቸው በፊት ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቆጠረውን ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ከተቆጠረው ጋር አስተያይተው የእነዚህ ዓሦች ብዛት 75 በመቶ ያህል መውረዱን አሳዩ። በጣም የተጎዱትም ወንዝ የሚወጡት ናቸው። ወጣቱ ባለሙያ ለአስጋሪዎቹ ሊነግራቸው የፈለገው ይህንኑ ነው።

ሰውየው በሚያዝያ ዕረፍት ሲያገኝ የፖቶማክ ዳር ይሄዳል። አሌክሳንድሪያ ራሷ የዓሣ ከተማ ነበረች። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሰሜናዊው የወንዝ ዳሯ በየጸደዩ «ፊሽታውን» የሚባል የጎጆ መንደር ይበቅል ነበር፤ ሻድና ሄሪንግ የሚባሉት ዓሦች ከባሕር ተነሥተው ዕንቁላል ለመጣል ሽቅብ ሲመጡ ተጠምደው፣ ታጥበው፣ በጨው ታሽተው የሚላኩት ከዚያ ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎ ባለው በማውንት ቨርነን የጆርጅ ዋሽንግተን ሰዎች በ1772 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሄሪንግ እንዳወጡ ተመዝግቧል። ያ ሁሉ ዓሣ አለቀ። በማስገር ብዛት፣ በግድብ፣ በቆሻሻ አለቀና በ1982 በፖቶማክ ሻድ ማስገር ተከለከለ። በ1995 ዓሣውን አራብቶ ወደ ወንዙ የመመለስ ሥራ ተጀመረ፤ በ2000 ደግሞ በሊትል ፎልስ ግድብ ላይ ለዓሣ ማለፊያ በር ተከፈተ። ሻዱ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ሰውየው ከዊልሰን ድልድይ ሥር ቆሞ ይህን ሲያስብ የሚገርመው የዓሣው መመለስ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወንዝ ሻድ ማወቅ ቢፈልግ፣ እዚያው ቆሞ በስልኩ ያገኘዋል። ማንነቱን የሚጠይቀው የለም፤ ዋጋም የለው። ተወልዶ ስላደገበት ሐይቅ ሲሆን ነው የሚለምነው።

ልዩነቱ የመጣው በደግነት አይደለም፤ በሕግ ነው። የዋሽንግተንን ቀለበት መንገድ ይዞ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲነዳ፣ ከሜትሮ ጣቢያው አጠገብ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖአ፣ ሕንፃዎች አሉ። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ደጁ ላይ የባሕር ወፎችን የሚለቅ ትልቅ የነሐስ እጅ ቆሟል። በፌንተን ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ እንጀራ ለመግዛት የሚመጣው ያገሬ ሰው በዚያ አጠገብ ሁልጊዜ ያልፋል። የአሜሪካ የዓሣ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1871 ነው፤ «ፊሸሪ ቡለቲን» የሚባለው መጽሔቱ ሥሩ ከ1881 ይጀምራል፤ ዛሬም ማንም በነፃ ያነበዋል። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ የጻፈው የግል ንብረት አይሆንም። በ2013 ደግሞ ዋይት ሐውስ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ከታተመ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ለትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሰጠ፤ በ2022 የወጣው መመሪያ ያችንም የአንድ ዓመት መቆያ እንድትነሣ አዘዘ። ግብር የከፈለ ያንብብ ነው ነገሩ።

ለድሃ አገሮችም የተሞከረ አለ። ቡዳፔስት ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች በ2002፣ በ2003 ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል በምትርቀው ቼቪ ቼዝ የተሰበሰቡ ሰዎች ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚጠይቁ መግለጫዎች አወጡ። በዚያው በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት «አጎራ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። አሳታሚዎች የእርሻና የዓሣ ጆርናሎቻቸውን እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይከፍቱላቸዋል። ብዙ ሰው ጠቅሟል። ቁልፉ የሚሰጠው ግን ለተቋም እንጂ ለሰው አይደለም። ተቋሙ መመዝገብ አለበት፤ የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው መኖር አለበት፤ ያም ሰው ሥራ ሲለቅ ለተተኪው ማስረከብ አለበት፤ ኢንተርኔቱም መኖር አለበት። ወጣቱ ይህን ሁሉ ሞክሯል። «ጋሼ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ ነው» ብሎታል።

ስለዚህ የጣና ቤተ መጻሕፍት አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነች። የሰውየው የእህቱ ልጅ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የተማሪነት መለያዋ ብዙ በር ይከፍታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ርዕሱ ከባሕር ዳር ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሄድ፣ ጽሑፉም በዚያው መንገድ ሲመለስ ኖሯል። እሷ ፈተና ላይ ስትሆን ጣና ይጠብቃል።

በዚያ ሳምንት በሲልቨር ስፕሪንግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተገናኙ። ልጅቷ ርዕሱን አይታ ዝም አለች።

«አጎቴ፣ ይኼ እኮ ለራስሽ ጥናት ብቻ ነው የሚለው። ለሌላ ሰው ላኪ አይልም።»

«አውቃለሁ። እስከ ዛሬስ?»

«እስከ ዛሬም አይልም ነበር» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ደግሞ ግንቦት ላይ እመረቃለሁ። ከዚያ በኋላ ለእኔም አይከፈትም።»

ሰውየው ይህን አላሰበበትም ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ዓሣው ወደ ጉማራ ከመውጣቱ በፊት፣ አንዲት ልጅ ጋውን ለብሳ ፎቶ ትነሣለች፤ እናቷ እልል ትላለች፤ በዚያው ሰሞን አንድ ሐይቅ ከራሱ መረጃ ይቆረጣል።

ልጅቷ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። የጸሐፊዎቹን ስም ይዛ መፈለግ ጀመረች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችው። ከጸሐፊዎቹ የአንዱ የዶክትሬት ድርሳን ነው። ዩኒቨርሲቲው ድርሳኖቹን በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ከሠላሳ ዶላሩ አጥር ጀርባ ያለው ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ፤ ሰፍቶ፣ ተብራርቶ፣ ከነሰንጠረዡ። ክፍያ የለውም፤ የተማሪ መለያም አይጠይቅም።

«ይኼ ሁሉ ጊዜ ክፍት ነበር?»

«ክፍት ነበር። የነገረን የለም እንጂ።»

ሰውየው በደስታና በንዴት መካከል ሆኖ ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለሰ። በር መከፈቱ ብቻውን አይበቃም ለካ። ክፍት መሆኑን የሚያውቅ፣ መንገዱን የሚያሳይ ያስፈልጋል። ልጅቷ በዚያ ቀን የሰጠችው ጽሑፍ ሳይሆን የአፈላለግ ዘዴ ነው፤ መጀመሪያ ድርሳኑን ፈልግ፣ የጸሐፊውን የዩኒቨርሲቲ ገጽ እይ፣ ካጣህ ለጸሐፊው በቀጥታ ጻፍለት፤ ብዙዎቹ ይልካሉ። ይህን በድምፅ ቀድታ ለባሕር ዳሩ ወጣት ላከችለት። ከእንግዲህ እሷን መጠበቅ የለበትም።

ቀጥሎ ያለው በር ቋንቋ ነው። ድርሳኑ ረጅም ነው፤ እንግሊዝኛው የባለሙያ እንግሊዝኛ ነው። ወጣቱ ያነበዋል፤ አስጋሪዎቹ ግን አያነቡትም። ሰውየው በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ፣ ተራው እስኪደርስ ድረስ፣ ዋናውን ሰንጠረዥ ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቀመጠ። ሳይንቲስቶቹ የዓሣን መብዛትና ማነስ የሚለኩበት ስሌት አላቸው፤ የተያዘው ዓሣ ለተደረገው ድካም ሲካፈል። ሰውየው ብዙ ቃል ሰርዞ በመጨረሻ «አንድ መረብ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚይዘው» ብሎ ጻፈው። አራት ሌሊት ፈጀበት። ሲያልቅ አንድ ገጽ ሆነ፤ ያኔ አንድ መረብ ይህን ያህል ይይዝ ነበር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ይህን ያህል ያዘ፣ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ከማይወጣው ይልቅ ቀነሰ።

ሕጉ እንኳ ከዚህ ይሻላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የወጣው። ትእዛዙ በአማርኛ ደረሰ፤ ምክንያቱ በእንግሊዝኛ ቀረ። ሰው የተከለከለውን እያወቀ ለምን እንደ ተከለከለ ካልገባው መረቡን በሌሊት ይጥላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባሕር ዳር የድምፅ መልእክት መጣ። ስብሰባው ተደርጓል። ወጣቱ ገጹን ጮክ ብሎ አንብቧል። ከኋላ የሰዎች ጉርምርምታ ይሰማል። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ አስጋሪ ድምፅ ይመጣል። «ይህንንማ የነገርናቸው እኛ አይደለን? ስንት እንደ ያዝን የነገርናቸው እኛ፤ ዓሣውን ያሳየናቸው እኛ። ደግ ነው፣ ዛሬ መልሳችሁ ነገራችሁን። ግን ይህ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ነው። ዘንድሮስ?»

መልእክቱ እዚያ ላይ ይቆማል።

ሰውየው ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ ለወጣቱ ጻፈለት። «ከዚያ ወዲህ እናንተ ቆጥራችኋል?»

«ቆጥረናል ጋሼ።»

«የት ነው ያለው?»

መልስ እስኪመጣ ጥቂት ቆየ። «ቢሮ ነው። ሪፖርት ሆኖ ተቀምጧል። ገሚሱ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው።»

«ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?»

«ማን ይጠይቃል ብለው ነው ጋሼ።»

ሰውየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሩቅ አሳታሚ በር ዘጋብን ሲሉ ኖረዋል፤ እውነትም ዘግቷል። ግን አሁን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ ተማሪ የጣናን የቅርብ ጊዜ ቆጠራ ቢፈልግ እሱም እንዲሁ የሚለምነው ሰው ሊፈልግ ነው። ልዩነቱ የአሳታሚው በር ዋጋ ተጽፎበታል፤ የቢሮው በር ግን ምንም አልተጻፈበትም።

ወጣቱ ሰበብ አላጣም። ውጤቱን ጽፎ በጆርናል ለማውጣት አስቦ ነበር። አንባቢ ሳይከፍል የሚያነባቸው ብዙዎቹ ጆርናሎች ግን ክፍያውን ወደ ጸሐፊው አዙረውታል፤ አንድ ጽሑፍ ለማውጣት ሺህና ከዚያ በላይ ዶላር የሚጠይቁ አሉ። ከድሃ አገር ለሚጽፍ ክፍያው ሊቀር እንደሚችል አላወቀም ነበር። ደግሞም ጆርናል ብቻ አይደለም መንገዱ። በ2019 የትምህርትና የሳይንስ ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቷል፤ የማስቀመጫ ድረ ገጾችም አሉ። ፖሊሲ ግን ራሱ ፋይል አይጭንም።

«ኃላፊህን ጠይቀው» አለው ሰውየው። «ከእኛ የወጣ መረጃ ስንት ጊዜ ተለምኖ እንደ ተመለሰ ንገረው።»

«እሺ ጋሼ። እሞክራለሁ።»

ግንቦት መጣ። ልጅቷ ተመረቀች፤ እናቷ እልል አለች፤ ሰውየው ከኋላ ቆሞ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ሳምንት የተማሪ መለያዋን ለጨዋታ ያህል ሞክራ «ተዘጋ» ብላ ጻፈችለት። በሰኔ መጀመሪያ፣ ጣና ላይ ደመና በሚከብድበት ሰሞን፣ ከባሕር ዳር አንድ ፋይል መጣ። ኃላፊው በጽሑፍ ጠይቅ ብሎ፣ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሮ፣ በመጨረሻ ተፈርሞለታል። ወጣቱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቦታ ከማስቀመጡ በፊት ሰውየው አንድ ጊዜ እንዲያየው ነው የላከው።

ሰውየው ከፍቶ ዓምዶቹን አነበበ። ቀን፣ ቦታ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ርዝመት፣ ክብደት፣ ጾታ፣ የዕንቁላሉ ደረጃ። እሱ በእርሳስ ይሞላቸው የነበሩት ናቸው፤ አንድም አልተቀየረም። በመጨረሻው ዓምድ ላይ የለካው ሰው ስም አለ። ወጣቱ ከሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ ይህን የመጨረሻውን ዓምድ ላጥፋው? ለጥናቱ አያስፈልግም።»

ሰውየው ተራው ደርሶ ከኋላው ያለው ታክሲ ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ ስልኩን ይዞ ቆየ። ከዚያ ጻፈለት።

«ተወው። ይቀመጥ።»